ፓኬጅ አትጨምር፣ ገመድ ግዛ

ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አጎቴ ከጅዳ ሲመጣ ያገለገለ ፒኤስ ቪታ፣ ያን በእጅ የሚያዘውን የሶኒ ጌም መጫወቻ፣ አመጣልኝ። ቤት ቲቪ ላይ የሚሰካ ፒኤስ 4 አለኝ። ማታ ማታ እናቴ ተከታታይ ድራማዋን ስለምታይ ቲቪው አይደርሰኝም። ስለዚህ ጌሙን በዋይፋይ ወደ ቪታው ወስጄ መኝታ ቤት ሆኜ መጫወት ፈለግኩ። እንደምንም ተገናኘልኝ፣ ግን ምስሉ ይቆራረጣል። ፊፋ ላይ ስመታ ኳሱ ቆይቶ ነው የሚሄደው። አንዳንዴ ደግሞ ፒኤስ 4ቱን አላገኘሁትም ብሎ ይዘጋል። የኢንተርኔት ፓኬጁን ከፍ አስደረግኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ቪታው ተበላሽቶ ይሆን?»

አብሽር። ቪታው ደህና ነው፣ ፒኤስ 4ቱም ደህና ነው። ፓኬጁ ላይ የጨመርከው ብር ግን ሄዷል፣ እሱን እርሳው።

እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። ደሴ ፒያሳ ያለችው ሱቄ ይህን ጥያቄ ይዞ የሚመጣው ሁሉ ገና ወንበር ሳይስብ «ኔትወርኩ ነው አይደል?» ይለኛል። ኔትወርክ ሲል ከውጭ የሚገባውን ኢንተርኔት ማለቱ ነው። አይደለም። ሪሞት ፕሌይ፣ ማለትም ይህ ጌሙን ወደ ቪታው ወስዶ የመጫወት ዘዴ፣ ሲሠራ ጌሙ የሚሄደው ፒኤስ 4 ላይ ነው። ቪታው ራሱ የሚያጫውተው ነገር የለም፣ ስክሪንና ጆይስቲክ ሆኖ ነው የሚያገለግለው። ፒኤስ 4ቱ ምስሉን እየጨመቀ እንደ ቪዲዮ ይልክለታል፣ አንተ በተን ስትጫን ደግሞ ትእዛዙ ወደ ፒኤስ 4 ይመለሳል። ሁለቱ በአንድ ራውተር ሥር እስካሉ ድረስ ይህ ሁሉ ምልልስ ከግቢህ አይወጣም። ከጓዳ ሳሎን ስኒ ለማድረስ የሐረጎን ተራራ የሚወጣ ሰው የለም መቼም። ፓኬጅህ ትንሽም ሆነ ትልቅ ምስሉ ያው ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? አየሩ ላይ። ያንተ ምስል አሁን ሁለት ጊዜ በአየር ይሄዳል። መጀመሪያ ከፒኤስ 4 ወደ ራውተር፣ ከዚያ ከራውተር ወደ ቪታ። ዋይፋይ ደግሞ እንደ ጠባብ ድልድይ ነው፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይቆማል። ቪታው የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን መስመር ብቻ ነው። 5 ጊጋኸርዙን ጭራሽ አያየውም። የመጀመሪያው ወፍራሙ ፒኤስ 4ም እንደዚያው 2.4 ብቻ ነው፣ 5 ያላቸው በኋላ የወጡት ስሊምና ፕሮ የሚባሉት ፒኤስ 4ዎች ናቸው። ያንተ ወፍራሙ ከሆነ እንግዲህ ሁለቱም እዚያው አንድ ድልድይ ላይ ይጋፋሉ ማለት ነው። የእናትህ ስልክ፣ የእህትህ ስልክ፣ የጎረቤት ራውተር፣ የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ብሉቱዝ፣ ሁሉም እዚያው ሰፈር ነው ያለው።

ብር ከማውጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክርልኝ። ራውተርህ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ አጭር የላን ገመድ ነበረ፣ ካልጣልከው ፈልገው። ራውተሩን ነቅለህ ገመዱ እስከፈቀደልህ ድረስ ወደ ፒኤስ 4ቱ አስጠጋና ሁለቱን በዚያ ገመድ አገናኛቸው። የኢንተርኔቱ መስመር እዚያ ድረስ ካልደረሰልህ ለሙከራው ግዴለም። ከዚያ ፒኤስ 4ቱ ላይ ሰቲንግስ ገብተህ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ኢንተርኔት ኮኔክሽን አስተካክል ሲልህ ዋይፋይን ትተህ የላን ገመድ የሚለውን ምረጥ። ይህችን አትዝለላት። ገመዱን ሰክቶ ይህን ሳይቀይር «ገመዱም አልሠራም» ብሎ የሚመጣ ሞልቷል። አሁን ቪታውን ይዘህ እዚያው ክፍል ተቀመጥና ተጫወት። ምስሉ ከጠራ ነገሩ አልቋል፣ በሽታው ታውቋል። እዚያው ተጠግተህም ከተቆራረጠ ያን ጊዜ ቪታውን እንጠርጥር።

ከጠራልህ ራውተሩን ወደ ቦታው መልሰህ ረጅም ገመድ ዘርጋ። ካት 5ኢ የሚባለው የላን ገመድ ዓይነት በቂ ነው፣ ካት 6 ካገኘህ ጥሩ፣ ግን ለዚህ ብለህ ብር አትጨምር። ሻጩ ርዝመቱ ፍጥነት ይቀንሳል ቢልህ አትስማው፣ እስከ 100 ሜትር ችግር የለውም፣ ያንተ ቤት ደግሞ 15 ሜትር አይሞላም። ከጥቅልሉ ቆርጠህ ከገዛህ ጫፉ ላይ የሚሰካውን የፕላስቲክ ራስ ማሰር አለብህ። ስምንቱን ክሮች የብርቱካን ነጭ፣ ብርቱካን፣ የአረንጓዴ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ የሰማያዊ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ የቡና ነጭ፣ ቡና ብለህ ደርድር፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ እንዲሁ። አረንጓዴው ሰማያዊዎቹን አቅፎ መሃል መግባቱን ልብ በል። ጀማሪ ሁልጊዜ የሚስተው እሱን ነው፣ የአረንጓዴ ነጩንና አረንጓዴውን ጎን ለጎን ያስቀምጥና ገመዱ የሠራ እየመሰለ ያስቸግረዋል። ክሮቹን አስተካክለህ ቁረጥና የፕላስቲኩ መጨረሻ ድረስ ግፋቸው፣ ከፊት ለፊት ስታየው ስምንት የመዳብ ነጥብ ሲያበራ ማየት አለብህ። ሰባት ከሆነ አውጣና ድገም።

አሁን ወደ ቡፌው እንምጣ። ቡፌ አላልክም፣ ግን አለ። ወሎ ውስጥ ቲቪ ያለበት ሳሎን ቡፌ አያጣም። ፒኤስ 4 የሚቀመጠውም እዚያው ውስጥ ነው፣ ከኋላው መስታወት፣ ከፊቱ የመስታወት በር፣ ከላዩ ዳንቴል። የመስታወት ጀርባ የተቀባው ብረት ነው፣ ዋይፋይን እንደ ግድግዳ ነው የሚመልሰው። ራውተሩም አብሮ እዚያ ከገባ ያው መታሰሩ ነው። ራውተሩን ቢያንስ አውጣውና ከፍ ያለ ቦታ፣ ወደ መኝታ ቤቱ በር አቅጣጫ አድርገው። ፒኤስ 4ቱንም አውጣው። እኛ ደሴ ብርዱ ያቀዘቅዝልናል፣ እናንተ ኮምቦልቻ ያለው ሙቀት ግን የተዘጋ ቡፌ ውስጥ ለዚያ ማሽን ግፍ ነው። ፋኑ እንደ ወፍጮ መጮህ ከጀመረ ከርሟል።

የራውተሩ ሰቲንግ ውስጥ መግባት የምትችል ከሆነ የ2.4ቱን ቻናል ከአውቶ አውጣና 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርገው፣ ሦስቱንም እየሞከርክ የተሻለውን ያዝ። ሴኪዩሪቲው ደብሊውፒኤ 2 ይሁን። 3 ብቻ ከተደረገ ቪታው አይገባም፣ እሱ ሲሠራ 3 ገና አልተፈጠረም ነበር። ቪታው ላይ ደግሞ ፓወር ሴቭ የሚለው ውስጥ ዋይፋይን ኃይል እንዲቆጥብ የሚያደርግ ምልክት አለ፣ አጥፋው። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል፣ ምስሉ ግን ይረጋልሃል።

አላገኘሁትም ብሎ የሚዘጋው ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ባለፈው አንድ ደንበኛ ቤት ሄጄ ነበር፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። ልጁ «ሁልጊዜ አይደለም፣ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ነው የሚጠፋው» አለኝ። ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ምንም አላየሁም። ልነሳ ስል ሠራተኛዋ ሊጥ ይዛ ገባች፣ ምጣዱን ሰካች፣ አምፖሉ ደብዘዝ አለ፣ ራውተሩ ላይ ያሉት መብራቶች እልም ብለው ጠፍተው እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። ራውተሩና ምጣዱ አንድ ማከፋፈያ ላይ ናቸው፣ ማከፋፈያው ደግሞ ልል ሆኖ አንዱ ጥርስ ጠቁሯል። ልጁ የእንጀራ ቀን በመጣ ቁጥር ነው ከጌም የሚባረረው፣ እሱ ግን ቪታውን ሊሸጥ ገዢ እያፈላለገ ነበር። እናንተም ቤት እይ። ምጣድ ማከፋፈያ ላይ አይሰካም፣ ለጌሙ ብዬ አይደለም፣ ቤት ያቃጥላል።

መብራት ሲጠፋስ? ፒኤስ 4ቱን ሬስት ሞድ ላይ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ እንደተኛ፣ ትተህ ከመኝታ ቤት በቪታ ማስነሳት ይቻላል። ፓወር ሴቪንግ የሚለው ውስጥ በሬስት ሞድ የሚሠሩ ነገሮች አሉ፣ እዚያ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ይቆይ የሚለውንና በኔትወርክ እንዲበራ የሚለውን ምልክት አድርግባቸው። ብርቱካናማዋ መብራት በርታ ከቆየች ዝግጁ ነው። ግን ሬስት ሞድ ላይ እያለ መብራት ከሄደ በትክክል አልተዘጋሁም ብሎ ሲነሳ ዲስኩን መፈተሽ ይጀምራል፣ ቪታውም በዚያ መሃል አያገኘውም። መብራት በሚመላለስበት ሰሞን እኔ ብሆን ሙሉ በሙሉ ዘግቼው ነበር የማድረው፣ አንዴ ሳሎን ሄዶ በእጅ ማብራት ምንም አይደል።

ያንተ አንዴ ተገናኝቷል፣ ግን ገና ከመጀመሪያው እምቢ ያላቸው ሌሎች ስለሚጠይቁኝ ይህን ልጨምር። ሁለቱም ዕቃዎች ላይ የገባው የፒኤስኤን አካውንት፣ ማለትም የሶኒ የኦንላይን ጌም አካውንት፣ አንድ መሆን አለበት። ያገለገለ ቪታ ከውጭ ሲመጣ የቀድሞው ባለቤት አካውንት አብሮት ነው የሚመጣው፣ ቪታ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ አካውንት ብቻ ነው የሚይዘው። ለመቀየር ፎርማት ማድረግ ግድ ነው፣ ሚሞሪ ካርዱንም ጭምር፣ ውስጡ የነበረ ሴቭ ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ ፒኤስ 4 ላይ ሰቲንግስ፣ ሪሞት ፕሌይ ኮኔክሽን ሰቲንግስ፣ አድ ዲቫይስ ስትል 8 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጥሃል፣ ቪታው ላይ ፒኤስ 4 ሊንክ የሚለውን ከፍተህ ቶሎ አስገባው። ፓስዎርድህ ትክክል ሆኖ ቪታው ስህተት ነው የሚልህ ከሆነ አካውንትህ ላይ በስልክ የሚመጣ ማረጋገጫ ኮድ በርቶ ሊሆን ይችላል። ለቪታ የሚሆን የተለየ የዲቫይስ ፓስዎርድ ከአካውንትህ ገጽ አውጣና እሱን ጻፍ። ፒኤስ 4ህ ክራክ የተደረገና አፕዴት የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ፒኤስኤን ውስጥ ስለማይገባ እኔ በነገርኩህ መንገድ አይሄድልህም፣ አስቀድመህ ሻጩን ጠይቅ።

እዚያው ሪሞት ፕሌይ ሰቲንግ ውስጥ ፒኤስ 4ቱና ቪታው ያለ ራውተር በቀጥታ እንዲገናኙ የሚያደርግ ምልክትም አለ። ገመድ መዘርጋት ካልቻልክ ሞክረው፣ መኝታ ቤትህ ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ ያግዝሃል። ሁለት የብሎኬት ግድግዳ መሃል ካለ ግን ብዙ ተስፋ አታድርግበት።

ደሴ አክስትህ ቤት ሆነህ ኮምቦልቻ ያለውን ፒኤስ 4 ልጫወት ካልክ ያኔ ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ እውነትም ኢንተርኔቱ ነው የሚወስነው፣ በተለይ ከእናንተ ቤት ወደ ውጭ የሚልከው ፍጥነት። ሶኒ ለሪሞት ፕሌይ ቢያንስ 5 ሜጋቢት፣ ጥሩ እንዲሆን 15 ይላል፣ በሁለቱም በኩል። በዚህ ረገድ የፓኬጅ ነገር ሊነሳ ይችላል። መኝታ ቤትህ ውስጥ ግን አይነሳም።

አንድ የረሳሁት። ፊፋ ላይ መሮጫው አር 2 ነው፣ ቪታ ላይ ደግሞ አር 2 የሚባል በተን የለም። በተለምዶ ከጀርባው ያለው መዳሰሻ የላይኛው ቀኝ ጥግ ነው የሚተካው፣ ግራው ኤል 2 ይሆናል። ጣትህ ሳይታወቅህ እዚያ ስለሚያርፍ ተጫዋችህ ሳታዘው ይሮጣል፣ ወይም ስታዘው አይሮጥም፣ አንተም ኔትወርኩ ነው ትላለህ። መጀመሪያ ሰሞን ጣቶችህን አጠፍ አድርገህ ጠርዝ ጠርዙን ይዘህ ልመድ።

ገመዱን ከመግዛትህ በፊት ከራውተሩ እስከ ፒኤስ 4ቱ ድረስ በሲባጎ ለካ፣ በግድግዳው ጥግ እየዞርክ እንጂ በአየር ላይ አይደለም፣ ሁለት ሜትር ጨምርበት። በሩ ሥር ስታሳልፈው በሩ እየረገጠ እንዳይበጣጥሰው በጥግ በኩል በምስማር ክሊፕ ያዘው። ራሱን ማሰር ካቃተህ ለከተማ ሥራ ወደ ደሴ ስትመጣ ገመዱን ይዘህ ብቅ በል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።