ሜይንፍሬም በላፕቶፕ፦ ከአዳማ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ላፕቶፕ ላይ ስለሚነሳ የድሮ ሜይንፍሬም (የትላልቅ ድርጅቶች ግዙፍ ኮምፒውተር) ካወራሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል፤ አብዛኛው ከአዳማ ነው። አንድ ላይ ልመልስ። ለአዲስ አንባቢ፦ የምናወራው ሄርኩለስ ስለሚባለው ነፃ ኢሙሌተር ነው፤ ላፕቶፑን ሜይንፍሬም የሚያስመስል ፕሮግራም ማለት ነው። በላዩ የምናስነሳው ኤምቪኤስ 3.8ጄ የሚባል የአይቢኤም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ቲኬ4 ማይነስ በሚባል ጥቅል ተሰናድቶ ይገኛል።

ጥ፦ ሲስተሙ ተነስቶልኛል። አይፒ አድራሻ የምሰጥበትን ቦታ ግን ፈልጌ አጣሁ። (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ)

መ፦ አታገኘውም፣ ስለሌለ። ኤምቪኤስ 3.8ጄ ከራሱ ጋር የመጣ ቲሲፒ/አይፒ (የኢንተርኔት መነጋገሪያ ሥርዓት) የለውም። ውጭ ካለው ኔትወርክ ጋር የሚነጋገረው ሄርኩለስ ነው። ፖርት 3270 ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ቲኤን3270 (3270 የሚባለውን የአይቢኤም ተርሚናል በኔትወርክ የሚያስመስል ሥርዓት) የሚችል ፕሮግራም ሲመጣለት ለኤምቪኤስ በገመድ የተያያዘ ተርሚናል፣ ማለትም ስክሪንና ኪቦርድ፣ አስመስሎ ያቀርበዋል። ስለዚህ ያንተ ሥራ ቀላል ነው። በሊኑክስ ኤክስ3270ን፣ በዊንዶውስ ደብሊውሲ3270ን ጫንና ወደ 127.0.0.1 (ላፕቶፕህ ራሱ ማለት ነው)፣ ፖርት 3270 ተገናኝ። ስለ ራውተርና ስለ ድልድይ የተጻፈውን ሁሉ ለጊዜው እርሳው። ብዙ ጀማሪ ጊዜውን የሚፈጀው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያው ግንኙነት ግን ከላፕቶፑ አይወጣም።

ጥ፦ በፑቲ (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በጽሑፍ የሚያገናኝ ፕሮግራም) ሞከርኩ፣ ወዲያው አባረረኝ።

መ፦ ፑቲ 3270 አይችልም፤ ሄርኩለስ የሚሰጠው መሣሪያ ሲያጣ ይዘጋብሃል። ኤክስ3270 ተጠቀም።

ጥ፦ ተገናኘሁ፣ ግን የሄርኩለስ አርማ ላይ ቆመ። ኢንተር ብነካም ምንም የለም። ኮንፊገሬሽኑ ላይ ተጨማሪ ተርሚናሎች ጨምሬ ነበር። (ከፖስታ ቤት አካባቢ)

መ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነውና። መጀመሪያ ትዕግሥት። ሲስተሙ ተነስቶ ሳያልቅ ከተገናኘሽ የምታዪው የሄርኩለስን ስክሪን ነው። ተርሚናሎችን የሚያስተዳድረው ቪታም የሚባለው ክፍል እስኪነሳ ጠብቂ። ከዚያ የመግቢያው ስክሪን ራሱ ይመጣል።

ጠብቀሽም ካልመጣ፣ አርማው ላይ የመሣሪያ ቁጥር አለ፤ እሱን አንብቢው። በጥቅሉ ውስጥ ለተጠቃሚ የተሰናዱት ከ0ሲ0 እስከ 0ሲ7 ያሉት ስምንቱ ናቸው። አንድ ተርሚናል እንዲሠራ ሦስት ቦታ መታወቅ አለበት፦ በሄርኩለስ ኮንፊገሬሽን፣ በኤምቪኤስ የመሣሪያ ዝርዝርና በቪታም ዝርዝር። አንቺ የጨመርሽው የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ሄርኩለስ በሩን ከፈተልሽ፤ ቪታም ግን አያውቅሽም፣ ስለዚህ ዝም ይላል። ስህተት ብሎ እንኳ አይናገርም፣ የሚያናድደውም ይሄ ነው። የጨመርሽውን አውጪና በስምንቱ ሥሪ። ለአንድ ሰው ስምንት ምን ያንሳል?

ጥ፦ መግቢያው ምንድነው?

መ፦ ስሙ ኤች-ኢ-አር-ሲ-01፣ የይለፍ ቃሉ ሲ-ዩ-ኤል-8-ቲ-አር። ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ይሄን ወደ ታች ስትደርሱ አስታውሱት።

ጥ፦ ስጽፍ ድንገት ኪቦርዱ ይቆለፋል። ከታች የኤክስ ምልክት ይመጣል።

መ፦ መጻፍ በማይፈቀድበት ቦታ ጽፈህ ነው፣ ወይም ሲስተሙ መልስ እያዘጋጀ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ከኪፓዱ ሪሴትን ተጫን፤ ሁለተኛው ከሆነ ጠብቅ። 3270 እንደ ቻት አይደለም። የምትጽፈው እዚያው ስክሪኑ ላይ ይቀመጣል፤ ኢንተር ወይም ከፒኤፍ ቁልፎች (እንደ ኤፍ1 ያሉት) አንዱን ስትነካ ብቻ በአንድ ላይ ይሄዳል። በዘመኑ አንድ ማሽን ብዙ መቶ ተርሚናል ይሸከም የነበረው በከፊል በዚህ ብልሃት ነው።

ጥ፦ እኔ የቴሌ ጡረተኛ ነኝ። በእኛ ጊዜ ተርሚናል ያለ ኮአክሲያል ገመድና ያለ መቆጣጠሪያ ሣጥን አይታሰብም ነበር። አሁን የት ሄዱ?

መ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ደስ ይላል። ልክ ነዎት፤ እውነተኛው 3270 በ93 ኦም ኮአክሲያል ከ3274 መቆጣጠሪያ ጋር ይያያዝ ነበር፤ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው ሣጥኑ ነው። አሁን የሣጥኑንም የገመዱንም ቦታ ሄርኩለስ ተክቶታል። ኤምቪኤስ ግን ዛሬም ገመዱ ያለ ይመስለዋል።

ጥ፦ ጓደኛዬ ከሌላ ላፕቶፕ እንድትገባ ምን ላድርግ? ከቤት ውጭስ ሆኜ በስልክ?

መ፦ አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ የላፕቶፕህን አድራሻ ስጣትና ፋየርዎሉ ላይ 3270ን ክፈት። የካፌ ዋይፋይ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ደንበኞችን እርስ በርስ አያገናኝም። ያኔ ከስልክህ ሆትስፖት ክፈትና ሁለታችሁም እሱ ላይ ግቡ።

ከቤት ውጭ የሚለውን ግን ረጋ በል። ግንኙነቱ አልተመሰጠረም፤ የይለፍ ቃሉ እንዳለ ነው የሚሄደው። ፖርቱን ለኢንተርኔት ክፍት አድርገህ እንዳትተኛ። ኤስኤስኤች ዋሻ (የተመሰጠረ መተላለፊያ) ሠርተህ በእሱ በኩል አሳልፈው። በሞባይል ዳታ ብዙውን ጊዜ አድራሻህ የጋራ ስለሆነ ከውጭ ወደ አንተ መግባት ራሱ አይቻልም።

ጥ፦ ኤስኤንኤን መማር አለብኝ?

መ፦ ለመገናኘት? የለብህም። ኤስኤንኤ አይቢኤም በ1974 ያወጣው የኔትወርክ አሠራር ነው። ሥራህ ባንክ ውስጥ ካልሆነ ስሙን ማወቅ ይበቃሃል።

ጥ፦ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል?

መ፦ አይቻልም። ኢቢሲዲክ የሚባለው የፊደል ኮድ 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ በዩኒኮድ ለእኛ ፊደል የተከለለው ዋናው ክፍል ብቻውን 384 ነው።

ጥ፦ አዳማ ነኝ፣ መብራቱን ታውቀዋለህ። ድንገት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

መ፦ ዲስኮቹ ተራ ፋይሎች ናቸው፤ እየተጻፈባቸው ኃይል ከሄደ ሊበላሹ ይችላሉ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ አትሥሪ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ሳያልቅ በሥርዓቱ ዝጊው፦ በዚያው ስም (ኤች-ኢ-አር-ሲ-01) ከገባሽ በኋላ ትእዛዝ የሚጠብቀው ሬዲ የሚለው ላይ ሻትዳውን ጻፊ፣ ቀጥሎ ሎጎፍ። መስኮቱን በኤክስ መዝጋት ከመብራት መጥፋት አይለይም። ሲስተሙ ጠፍቶ ሳለ ደግሞ ሙሉ ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ገልብጪ።

ጥ፦ ዘመናዊውን የአይቢኤም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዜድ/ኦኤስን እዚሁ ላይ ልጫን?

መ፦ ፈቃድ የለህም፣ ይቅርብህ። አይቢኤም ዜድ ኤክስፕሎር የሚባል ነፃ ትምህርት አለው፤ ከእውነተኛ ሜይንፍሬም ጋር በኢንተርኔት ያገናኝሃል።