ጓሮዬን አገር ብዬ አውጃለሁ፤ የቤት ግብር መክፈሌን ላቁም ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ባለፈው ዓመት ልጆቼን ይዤ ወደ ሰሜን ኔቫዳ ሄጄ ነበር። ዴይተን አካባቢ አንድ ሰውዬ ግቢውን «የሞሎሲያ ሪፐብሊክ» ብሎ አገር አድርጎታል። ራሱ ፕሬዚዳንቱ የማዕረግ ልብሱን ለብሶ አስጎበኘን፤ ፓስፖርታችን ላይም ማኅተም መታልን። ልጆቹ ሌላ ነገር ማውራት አቆሙ። ቤት ስንመለስ እኛም ጓሯችንን «የጤና አዳም መንግሥት» አልነው፤ ከተከልኩት ሁሉ በዚህ ሙቀት የጸደቀችው እሷ ብቻ ናት። ድንበሩን በኖራ አሰመርን፤ የፍሪጅ ካርቶን የጉምሩክ ኬላ ሆነ፤ ባንዲራ ሰቀልን። ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ብለቀው ጉድ ፈላ። አሁን የሚስቴ ወንድም «አገር ከሆንክማ የቤት ግብር አትከፍልም፤ አንቀጽ 39 እኮ አለ» ይለኛል። የሰፈሩ ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ባንዲራውን አውርድ ብሎ ደብዳቤ ጻፈብኝ። ሰዎች «ፓስፖርት ሽጥልን» እያሉ ነው፤ ሁለቱ ሠላሳ ሠላሳ ዶላር በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ልከዋል። ሪያድ ያለው የአክስቴ ልጅም «ለእኔም አንድ ላክልኝ» ብሏል፤ ይቀልድ የምሩን ይሁን አላወቅኩም። ለገና ደግሞ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። ያ ማኅተም ጣጣ ያመጣብን ይሆን? ምን ይመክሩኛል?
የጤና አዳም ንጉሥ፣ ከላስ ቬጋስ

መልስ፦ ጃንሆይ ልበልህ ወይስ ወንድሜ? ደብዳቤህ ስላሳቀኝ ወንድሜ ብዬ ልቀጥል። ስለ ሪያዱ የአክስትህ ልጅ የጻፍከው ጋ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። እሱን ረጋ ብዬ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ቀለል ያለውን ልጨርስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጓሮህን አገር ብሎ መጥራት ወንጀል አይደለም። ባንዲራ ስፋ፣ መዝሙር አውጣ፣ ሚስትህን የመከላከያ ሚኒስትር አድርገህ ሹም። የአሜሪካ ሕግ በዚህ እንቅልፍ አያጣም። ጣጣው የሚመጣው መክፈል ያለብህን ሳትከፍል ስትቀር፣ ወይም ከሰው ገንዘብ ስትቀበል ነው።

የሚስትህ ወንድም አንድ ነገር ሳይሰማ አልቀረም። በ1933 ኡሩጓይ ውስጥ ሞንቴቪዴዮ ላይ የተፈረመ ስምምነት አለ። አንድ አገር አገር ለመባል ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥት፣ ከሌሎች አገሮች ጋር ግንኙነት የመፍጠር አቅም ያስፈልገዋል ይላል። ሕዝብ አለን፣ ድንበሩም በኖራ ተሰምሯል፣ ንጉሡም ይኸው ብሎ ሊቆጥርልህ ይችላል። ችግሩ ያ መሬት ባዶ ሜዳ አለመሆኑ ነው። ሉዓላዊ ባለቤት አለው። አንተ የገዛኸው ቤትና ግቢ ነው፤ ሉዓላዊነት አልሸጡልህም። ዲዱን (የባለቤትነት ሰነዱን) አውጥተህ እየው። ክላርክ ካውንቲ ውስጥ ተመዝግቧል፤ የሚጸናውም በኔቫዳ ሕግ ነው። የኔቫዳ ሕግ ጓሮዬ አይገባም ካልክ፣ ጓሮው ያንተ ነው ብሎ የሚመሰክርልህም አብሮ ወጣ ማለት ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 በአንድ ስቴት ግዛት ውስጥ ሌላ ስቴት እንኳ ያለዚያ ስቴት ምክር ቤትና ያለ ኮንግረስ ፈቃድ አይመሠረትም ይላል። የኔቫዳው ደግሞ ይብሳል። በ1864 በእርስ በርስ ጦርነቱ መሀል የተጻፈ ስለሆነ፣ የስቴቱ ሕዝብ ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ያለውን ትስስር የመቁረጥ ሥልጣን የለውም ብሎ ገና ከመጀመሪያው ይዘጋዋል። (ያኔ ምርጫ ደርሶ ስለነበር ሕገ መንግሥቱን ሙሉውን በቴሌግራም ነው ወደ ዋሽንግተን የላኩት፤ ከ4,300 ዶላር በላይ ፈጅቷል። ለመገንጠል ሳይሆን ለመግባት ነበር የቸኮሉት።)

አንቀጽ 39? እሱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ነው፤ ላስ ቬጋስ አይደርስም። ቢደርስም መብቱ የተሰጠው ለብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ነው፤ ለቤተሰብ አይደለም። የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አለው፣ ሕዝበ ውሳኔ አለው፤ ጓሮ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ የሚያልቅ ነገር አይደለም። እዚያማ መሬቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። «የራሴ መሬት» ብሎ መጀመርም አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የጎበኘኸውን ሰውዬ እይ። ኬቨን ባው ጨዋታውን ከጓደኛው ጋር የጀመረው በ1977፣ ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። በ1999 ሞሎሲያ አለው። ዛሬ ወደ 11 ኤከር ግዛት አለኝ ይላል። ገንዘቡ ቫሎራ ይባላል፤ ዋጋው ከፒልስበሪ የኩኪስ ሊጥ ጋር የተያያዘ ነው። ከምሥራቅ ጀርመን ጋር ጦርነት ላይ ነኝ ይላል፤ ምሥራቅ ጀርመን ከጠፋች ስንት ዘመኗ! ሽንኩርትም በሕግ ከልክሏል። (እዚያ ላይ እኔ አልስማማም። ያለ ሽንኩርት ዶሮ ወጥ ከወዴት ሊመጣ?) ግን ይኸው ሰውዬ ለስቶሪ ካውንቲ የቤት ግብሩን ይከፍላል። «የውጭ እርዳታ» ነው የሚለው። ስሙን ያሻውን ይበለው፤ ገንዘቡ ግን ይደርሳል። አንተም እርዳታህን እንዳታቋርጥ።

ያቋረጡት ምን እንደሆኑ ልንገርህ። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ሊዮናርድ ካስሊ የሚባል ገበሬ ነበር። መንግሥት የስንዴ ኮታ ሲያጠብበት በ1970 እርሻውን «ሃት ሪቨር» ብሎ ገነጠለ፤ ራሱም ልዑል ሆነ። የእሱ ጓሮ 75 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። ቴምብር አተመ፣ ሳንቲም ቀረጸ፣ ቱሪስት ጎረፈለት። በ2017 ግን የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እሱና ልጁ ወደ 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ግብር እንዲከፍሉ ወሰነ። ዳኛው ማንም ሰው በገዛ ቤቱ ራሱን ሉዓላዊ ነኝ ማለት ይችላል፣ ግብር አልከፍልም ማለት ግን አይችልም የሚል መንፈስ ያለው ነገር ነው የተናገሩት። ሰውየው በ2019 አረፈ። በ2020 ልጆቹ አገሪቱን በይፋ አፈረሱ፤ መሬቱም ለዕዳው ሊሸጥ ወጣ። ሃምሳ ዓመት የቆየ አገር ነው እንግዲህ።

ያንተ መንግሥት ሃምሳ ዓመትም አይቆይም። ኔቫዳ ውስጥ የቤት ግብር ካልተከፈለ ካውንቲው ንብረቱን በመያዣ ይይዛል። ዕዳህን ከነቅጣቱ ከፍለህ የምታስለቅቅበት የሁለት ዓመት ጊዜ አለህ። ያ ካለፈ ቤቱ በካውንቲው ገንዘብ ያዥ ስም ይዞራል፤ ከዚያ ጨረታ ነው። ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ካለብህ ደግሞ ግብሩን ብዙውን ጊዜ ባንኩ ከኤስክሮው (ከወርሃዊ ክፍያህ ለግብር ከሚያስቀምጠው ሂሳብ) ላይ አንስቶ ይከፍለዋል። ሳታውቀው የውጭ እርዳታ እየሰጠህ ነው ማለት ነው። የገቢ ግብርህንም «የሌላ አገር ዜጋ ነኝ» ብለህ እንዳትሞላ። አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ) እንዲህ ያለ መሠረት የሌለው ማመልከቻ ላስገባ ሰው የ5,000 ዶላር ቅጣት አለው።

ግብሩ ከከበደህ ሕጋዊ መንገድ አለ። የምትኖርበት ቤት ከሆነ ኔቫዳ ውስጥ የግብር ሂሳቡ በዓመት ከ3 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ጣሪያ ተደርጎለታል። ያልተመዘገበ ከሆነ ግን እስከ 8 በመቶ ሊጨምርብህ ይችላል። ብዙ አበሻ ቤት ሲገዛ የሚመጣለትን የመመዝገቢያ ካርድ ማስታወቂያ መስሎት ይጥለዋል። የክላርክ ካውንቲ አሰሰር (የንብረት ገማች) ጽሕፈት ቤት ደውለህ ያንተ ቤት በየትኛው እንደተመዘገበ ጠይቅ። ከሚስትህ ወንድም ምክር ይልቅ ይቺ ስልክ ገንዘብ ታተርፍልሃለች።

ኤችኦኤው ላይ ብዙ አልቆይም። ቤቱን ስትገዛ ደንባቸውን ተቀብለህ ነው የፈረምከው። የአሜሪካን ባንዲራ እንዳትሰቅል ሊከለክሉህ አይችሉም፤ በ2006 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። የጤና አዳም ባንዲራ ግን ያ ከለላ የለውም። ቅጣት ከመጣላቸው በፊት በጽሑፍ ማሳወቅና መደመጥ እንድትችል ቀጠሮ መስጠት አለባቸው። ቀርበህ የልጆች ጨዋታ ነው በል። ባንዲራውን ከአጥሩ በታች ዝቅ አድርገው፤ መንገድ ላይ ካልታየ ብዙዎቹ ይተዉታል። በንዴት ወርሃዊ መዋጮውን እንዳታቆም ብቻ። በመዋጮው ዕዳ ቤትህን ሊያሸጡብህ ይችላሉ።

አሁን ወደ ፓስፖርቱ።

ለልጆችህ በቀለም እርሳስ የሠራኸው ደብተር መጫወቻ ነው። ለማታውቀው ሰው በ30 ዶላር የሸጥከው ደብተር ሌላ ነገር ነው። የፌዴራሉ ወንጀል ሕግ ፓስፖርት ወይም ፓስፖርት መስሎ የቀረበ ሰነድ እንዲሠራበት አስቦ በሐሰት ያዘጋጀን ሰው እስከ 10 ዓመት ሊያስቀጣው ይችላል። «ለቀልድ ነው» ማለት መከላከያ የሚሆነው ገዢውም ቀልድ መሆኑን ሲያውቅ ነው። ሰው «በዚህ የት መግባት ይቻላል?» ብሎ ሲጠይቅህ ዝም ብለህ ዜሉን ከተቀበልክ ቀልዱ አበቃ። ገንዘቡ በስልክና በኢንተርኔት ስለሚመጣ የማታለል ክስ ሊታከልበት ይችላል፤ እሱ ብቻውን እስከ 20 ዓመት ያደርሳል። ዜጋ መሆንህን አልነገርከኝም። ያለህ ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ፣ በማታለል መፈረድ ከእስሩ በኋላም አገር ሊያስለቅቅህ ይችላል።

ማን ያምናል ትለኝ ይሆናል። ስዊድን ውስጥ ላርስ ቪልክስ የሚባል አርቲስት ነበር። በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ላይ በእንጨት የሠራውን ሐውልት አፍርስ ሲሉት በ1996 ቦታውን «ላዶኒያ» ብሎ አገር አወጀ። ነዋሪ የሌለው አገር ነው፤ ዜጎቹ ሁሉ ውጭ ነው የሚኖሩት። ከዚያ ወደ 3,000 የሚጠጉ ፓኪስታናውያን ልንገባ እንፈልጋለን ብለው አመለከቱ። ለእነሱ ቀልድ አልነበረም። አውሮፓ ውስጥ የሚቀበል አገር የተገኘ መስሏቸው ነው።

የአክስትህን ልጅ በዚህ ዓይን እየው። ሪያድ ያለው ሰው ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) መቼ እንደሚያልቅ፣ አሠሪው ያድስለት አያድስለት እያሰበ ነው የሚያድረው። አንተ አሜሪካ ነህ። አሜሪካ ያለ ዘመድ «ፓስፖርት አወጣሁ» ካለ፣ ከኋላው አንድ ነገር አለ ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ቢሮዬ የሚመጡ ሰዎች ከዚያ ባነሰ ወረቀት ሺህ ዶላር ከፍለው አይቻለሁ። እሱ ያንን ደብተር አውሮፕላን ጣቢያ ወይም ኤምባሲ ካቀረበው አንተ ጋ የሚመጣ የለም። የሚያዘው እሱ ነው፤ ሐሰተኛ ሰነድ አቀረበ ተብሎ። ደመወዙም፣ ኢቃማውም፣ የመመለሻው መንገድም እዚያው ይቀራል። በቴክስት አይሆንም። ዛሬውኑ ደውልለት። «ጓሮዬ ነው፣ የልጆች ጨዋታ ነው፣ የትም አያስገባም» በለው። ከሳቀ ጥሩ፤ ዝም ካለ ደግሞ የምር ነበር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ስለ እውነተኛው ጉዳዩ ጠይቀው።

የገናው ጉዞ። የመታችሁ ማኅተም የአገር ማኅተም ስላልሆነ ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈ ባዕድ ነገር ተደርጎ ሊታይ ይችላል። የአሜሪካ ፓስፖርት ከሆነና ማኅተሙ ያረፈው ፎቶና ስም ባለበት ገጽ ላይ ከሆነ እንደ ተበላሸ ይቆጠራል፤ ዲኤስ-11 የሚባለውን የፓስፖርት ማመልከቻ ቅጽ ሞልተህ በአካል ቀርበህ አስቀይር። የቪዛ ገጾች ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ግን ጥብቅ የሆነ የአየር መንገድ ሠራተኛ ሊያስቆምህ ስለሚችል ጊዜ ካለህ ቀይረው። ገጹን ግን በፍጹም እንዳትቀድ። ማኅተሙ ጥያቄ ነው የሚያስነሳው፤ የተቀደደ ገጽ ግን ፓስፖርቱን ይገድለዋል። የልጆቹንም አብረህ እይ፤ ልጆች ማኅተም ሲያዩ የትኛውን ገጽ እንደሚዘረጉ አይታወቅም።

ሁለቱን ሰዎች አትርሳ። ሠላሳ ሠላሳውን በመጣበት በዜሉ መልስ፤ ማስታወሻው ላይ «ተመላሽ፣ ምንም ሰነድ አልተላከም» ብለህ ጻፍ። ቪዲዮው ሥር ፓስፖርት እንደማይሸጥ በግልጽ አስቀምጥ። የተጻጻፋችሁትን ሳታጠፋ ስክሪንሾቱን አስቀር፤ ምናልባት አንድ ቀን ጠበቃ ካስፈለገህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።