ርካሽ የአምፕ ድምፅ ፔዳል፦ ከመግዛትዎ በፊት የት እንደሚሰኩት ይወስኑ

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ በእጅዎ ያለው አንድ አነስተኛ የትራንዚስተር አምፕ (የጊታርን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) ነው፤ የታዋቂዎቹን አምፕ ሠሪዎች፣ የፌንደርን፣ የቮክስንና የማርሻልን ድምፅ ያስመስላሉ የሚባሉ ርካሽ ፔዳሎች (ጊታሩ የሚሰካባቸው፣ ድምፁን የሚቀይሩ ትናንሽ ሣጥኖች) አይተዋል፤ እውነት ይሠራሉ ወይ፣ ከሠሩስ ሦስቱንም ልግዛ ወይስ አንዱ ይበቃኛል ብለዋል። እነዚህን ፔዳሎች ለዓመታት ስጠቀምባቸው ስለቆየሁ መልሴ ረዘም ቢል ይታገሡኝ። አዎን፣ ይሠራሉ፤ ነገር ግን ድምፃቸውን ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው በላያቸው ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ ገመዱ ከፔዳሉ ወጥቶ የሚገባበት ቦታ ነው።

ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። የመጀመሪያ ፔዳሌን የገዛሁ ሰሞን ከኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ የድምፅ ካርድ በኩል በሄድፎን እያዳመጥኩ ስሞክረው፣ ማይክሮፎን ተተክሎለት የተቀረጸ አምፕ ይመስል ስለነበር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በሳምንቱ ወደ ልምምድ ይዤው ሄድኩና አንድ ትልቅ የጊታር አምፕ መግቢያ ላይ ሰካሁት፤ የመጀመሪያውን ኮርድ ስመታ ጊታሩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚጮኽ መሰለ። የትሬብሉን (የቀጭኑን ድምፅ) ማዞሪያ እስከ ጥግ ባዞረውም ጭጋጉ አልገፈፍ አለ፤ ቤዝ ተጫዋቹ ጥቂት ከታገሠኝ በኋላ ዘወር ብሎ «ጊታር ዛሬ የለም እንዴ?» አለኝ። ፔዳሉ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ሁሉ አስቤ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የኔ አሰካክ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጊታር ስፒከር እንደ ሙዚቃ ማዳመጫ ስፒከር ሁሉንም ድምፅ እኩል አያወጣም፤ የተለመደው ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት እየቀነሰ ይጥለዋል። ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገ የጊታር ድምፅ) ጥሬውን ሲሰማ፣ የጋለ ዘይት ላይ ጠብ እንዳለ ውሃ የሚንጣጣው በአብዛኛው ከዚያ በላይ ባለው ክፍል ነው፤ ስፒከሩ ያንን ስለሚውጠው ነው የአምፕ ድምፅ ለጆሮ የሚጥመው። ስለዚህ አምፕን ሙሉ በሙሉ ለማስመሰል የተሠሩ ፔዳሎች የስፒከሩን ሥራ የሚተካ ማጣሪያ በውስጣቸው አላቸው፤ በብዙዎቹ ርካሾች ላይ ደግሞ ይህ ማጣሪያ ማጥፊያ የለውም። በፔዳሉ አንድ ጊዜ የተጣራው ድምፅ በእውነተኛው ስፒከር እንደገና ሲጣራ የሚቀረው ያ ብርድ ልብስ ነው።

ስፒከር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል፣ የሁለቱን ታላላቅ ስሞች ዝምድና ማየት ይበቃዋል። እነ ጂም ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ማርሻል አምፕ፣ ጄቲኤም 45ን ሲሠሩ፣ መነሻቸው ቤዝማን የተባለው የፌንደር አምፕ ሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ ዑደት) ነበር፤ ከሞላ ጎደል የተቀዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች አንዱ ሣጥኑ ነው፦ ቤዝማኑ ጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን ውስጥ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ሲኖሩት፣ ማርሻሉ ጀርባው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ባሉ አራት ባለ 12 ኢንች የሴለስሽን ስፒከሮች በኩል ነው የታወቀው። እንግዲህ ወንድማማች ከሆኑ ሰርኪዩቶች ይህን ያህል የተራራቀ ድምፅ ከወጣ፣ የፔዳሉን የፊት ሥዕል አይቶ መወሰን የትም አያደርስም።

ወደ ፔዳሎቹ ስንመለስ፣ የዚህ ሐሳብ አባት ተብሎ ሊጠራ የሚችለው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሳንስአምፕ የተባለው የአንድሩ ባርታ ፔዳል ነው፤ ባርታ የመሠረተው ቴክ 21 በኋላ ሐሳቡን እየከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱ የአምፕ ዓይነት ለየብቻ ፔዳል አወጣ። ዛሬ በርካሽ የሚገኙት የጆዮ ኩባንያ ፔዳሎች፣ አሜሪካን ሳውንድ (ፌንደርን የሚያስመስለው)፣ ብሪቲሽ ሳውንድ (ማርሻልን) እና ኤሲ ቶን (ቮክስን)፣ የዚያ ቤተሰብ ዘመዶች መሆናቸው በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሦስቱም ያው ስድስት ማዞሪያ አላቸው፦ ሌቨል (የድምፁ መጠን)፣ ድራይቭ (የዲስቶርሽኑ መጠን)፣ ቮይስ፣ ሎው (ወፍራሙ ድምፅ፣ ባስ)፣ ሚድ (መካከለኛው) እና ሃይ (ቀጭኑ፣ ትሬብል)። ከስድስቱ ብዙ ሰው የማይነካው ቮይስ ነው፤ እኔ ግን ፔዳሉን የምገዛው ለእሱ ስል ነው ብል አልዋሽም። በአሜሪካን ሳውንድ ላይ ቮይስን ወደ ግራ ሲያዞሩት ለስለስ ያለ፣ ክብ የሆነ የአሮጌ ፌንደር ድምፅ ያገኛሉ፤ ወደ ቀኝ እየገፉ ሲሄዱ ሚዱ ወደፊት እየወጣና እየከረረ ሄዶ፣ ድራይቩን ትንሽ ሲጨምሩበት ወደ እንግሊዞቹ ሰፈር ይጠጋል። ሦስቱንም መግዛት አያስፈልግም የምልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቮክሱ ግን እውነትም የተለየ ነው። ታዋቂው የቮክስ አምፕ ኤሲ 30 አራት ኢኤል 84 ቲዩቦች (ድምፁን የሚያጎሉ የመስታወት ቱቦዎች) ሲኖሩት፣ ፌንደርና ማርሻል በብዛት የሚጠቀሙበት የኔጋቲቭ ፊድባክ አሠራር (ከመውጫው ጥቂቱን ወደ ኋላ እየመለሰ መሻከሩን የሚቀንስ) የለውም፤ በዚህም ምክንያት ከክሊን (ካልሻከረው ንጹሕ ድምፅ) ወደ ዲስቶርሽን የሚሻገርበት ድንበር ሰፊ ነው፤ ክሩን በስሱ ሲነኩት እንደ ቃጭል የሚያቃጭለው፣ ጠንከር አድርገው ሲመቱት የሚሻክረው ለዚህ ነው። ርካሹ ፔዳል ይህን ባሕርይ በከፊል ነው የሚይዘው፤ ቃጭሉን ያመጣል፣ ያንን ሰፊ ድንበር ግን ያጠበዋል። በጣት ወይም በስሱ ፒክ የሚጫወት ሰው ይህ ጉድለት ቶሎ ይታወቀዋል።

ከእነዚህ ሌላ የስፒከር ማጣሪያ የሌላቸው የአምፕ ፔዳሎችም አሉ። ማርሻል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1988 ገደማ ገቭነር በሚባል ፔዳል የራሱን ድምፅ በትንሽ ሣጥን ለመክተት ሞክሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአምፑን እያንዳንዱን ቲዩብ በአንድ ጄፌት ትራንዚስተር እየተኩ የሚሠሩ ብዙ ፔዳሎች መጥተዋል። እነዚህ የተሠሩት በአምፕ መግቢያ ላይ እንዲሰኩ ስለሆነ ከርስዎ አምፕ ጋር ይስማማሉ፤ በቀጥታ ወደ ሚክሰር (የሁሉንም መሣሪያ ድምፅ ወደሚያዋህደው) ቢሰኳቸው ግን ቅድም ያልኩት የዘይትና የውሃ ንጣጣ ጆሮዎን ይበሳዋል። እንግዲህ የመጀመሪያው ውሳኔ ፌንደር ወይስ ማርሻል የሚለው አይደለም፤ በአምፕ ነው ወይስ በሚክሰር የምጫወተው የሚለው ነው።

አምፕ ላይ መሰካት ግዴታ ከሆነብዎና የገዙት ማጣሪያ ያለበትን ከሆነ፣ አምፕዎ ከጀርባው ሪተርን የሚል ቀዳዳ እንዳለው ይመልከቱ። እዚያ ሲሰኩት የአምፑ የፊት ክፍል፣ ከነትሬብልና ባስ ማስተካከያው፣ ስለሚታለፍ ጭጋጉ ይቀንሳል፤ ስፒከሩ ግን ስለማይታለፍ ሙሉ በሙሉ አይጠራም። ቀዳዳው ከሌለ የአምፑን ባስ ቀንሰው፣ ትሬብሉን ከግማሽ በላይ ከፍተው፣ በፔዳሉ ላይ ደግሞ ሎውን ከግማሽ በታች ያድርጉት። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ዓመት ያህል ተጫውቻለሁ፤ ደስ ባይልም ያስኬዳል።

ስለ ማስተካከል አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፔዳሉን የሚጠላው እዚህ ላይ ነው። ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ባሱንና ትሬብሉን አሳንሶ እንደሚሰማ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 አሳይተዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርገው ሲያስተካክሉ ሳይታወቅዎ ባሱንም ትሬብሉንም ከፍ፣ ሚዱን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያው ማስተካከያ ከባንድ ጋር ድምፁ ሲጨምር ባሱ ይደፈርሳል፣ ትሬብሉ ይወጋል፣ ጊታሩ ደግሞ በድራምና በኪቦርድ መካከል ይሰምጣል። እኔ ሁሉንም ማዞሪያ መሐል ላይ አድርጌ፣ ድራይቩን ከሩብ ሳላሳልፍ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ሌቨሉን ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ እኩል እስኪሰማ አስተካክላለሁ፤ ድምፁ ስለጨመረ ብቻ «አማረ» ብሎ መሸወድ የሚቀረው ያኔ ነው። ቶኑን የማስተካክለው በመጨረሻ፣ ባንዱ እየተጫወተ ሳለ ነው፤ ሚዱንም ብቻዬን ስሆን ከሚጥመኝ በላይ ከፍ አደርገዋለሁ።

እንዳይጠብቁት የምነግርዎ ነገርም አለ። የቲዩብ አምፕ ውስጥ ቲዩቦቹ ከ300 ቮልት በላይ በሆነ ኃይል ይሠራሉ፤ ኮርዱን በኃይል ሲመቱት ያ ኃይል ለቅጽበት ወረድ ብሎ ስለሚመለስ፣ በጣትዎ ሥር የሚለጠጥና የሚተነፍስ ነገር ይሰማዎታል። በ9 ቮልት የሚሠራ ፔዳል የድምፁን መልክ ይሰጥዎታል እንጂ ይህን ስሜት በደንብ አይሰጥም። ለመቅረጽና ለልምምድ ግን ጉድለቱ የሚታወቀው ለተጫዋቹ እንጂ ለአድማጩ አይደለም፤ ቀረጻዬን ሰምቶ የትኛው አምፕ ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከአንድም ሁለት አለ።

የኃይሉን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ አዳፕተር ላይ አይቆጥቡ። እኔ አንዱን አዳፕተር በቅጥያ ገመድ ለአራት ፔዳል አከፋፍዬ፣ ከመካከላቸው አንዱ ዲጂታል ስለነበር፣ ድራይቩን በከፈትኩ ቁጥር የሚያፏጭ ድምፅ ሲያሰቃየኝ ከረመ፤ ዲጂታሉን ለብቻው ስሰካው ፉጨቱ ያን ቀን ቀረ። አብዛኞቹ እነዚህ ፔዳሎች የሚፈልጉት መሐሉ ኔጋቲቭ የሆነ 9 ቮልት ነው፤ ከመሰካትዎ በፊት በፔዳሉ ላይ ያለውን ምልክት ከአዳፕተሩ ጋር ያመሳክሩ።

እንግዲህ ለጥያቄዎ፦ ሦስቱንም አይግዙ። በሚክሰር ወይም በድምፅ ካርድ የሚጫወቱ ከሆነ፣ ከክሊን እስከ መካከለኛ ዲስቶርሽን ሰፊ ቦታ ስለሚሸፍን አሜሪካን ሳውንዱን ብቻ ይግዙ፤ ብሪቲሽ ሳውንዱ የሚያስፈልግዎ ሥራዎ ሁሉ ሮክ ከሆነ ነው፤ ኤሲ ቶኑን ደግሞ ያ ቃጭል በጆሮዎ ካልቀረ በቀር ይለፉት። በአሁኑ አምፕዎ ብቻ የሚቀጥሉ ከሆነ ግን ማጣሪያ የሌለበትን፣ ወይም ማጣሪያውን የሚያጠፋ ማብሪያ ያለውን ይፈልጉ። የአምፕዎን ጀርባ ፎቶ አንሥተው እዚህ ቢለጥፉልን ሪተርን የሚለው ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን አይተን ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻልዎ በእርግጠኝነት እንነግርዎታለን።