አስማታዊ ዕቃ ስለ መሥራት የቤት ደንቦች፦ ጥያቄና መልስ

በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው አንድ መሪ በሚመራው ታሪክ የሚሳተፉበት የጠረጴዛ ጨዋታ) አምስተኛ እትም ገጸ ባሕርያት አስማታዊ ዕቃ ራሳቸው እንዲሠሩ ስለሚፈቅዱ የቤት ደንቦች፣ ማለትም እያንዳንዱ ቡድን ለራሱ ስለሚያወጣቸው ደንቦች፣ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። የምትጫወቱበትን መጽሐፍ ዓመት ሳትጠቅሱ ግን አትጠይቁ፤ የ2014ቱ ቁጥሮች ከኋለኞቹ ጋር አይገናኙም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ2014ቱን የመሪዎች መመሪያ እንጠቀማለን። ተጫዋቾቼ ሥራው አያልቅም ብለው ተስፋ ቆርጠዋል። ዋጋውን ልቀንስላቸው?

መልስ፦ ችግሩ ዋጋው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ዕቃዎች ከተራ፣ ያልተለመደና ብርቅ እስከ አፈ ታሪካዊ በመደብ ይከፈላሉ። በዚያ መጽሐፍ አንድ ሠሪ በቀን የሚያከናውነው የ25 ወርቅ ሥራ ብቻ ስለሆነ 5,000 ወርቅ የሚጠይቅ ብርቅ ዕቃ 200 ቀን፣ 500,000 የሚጠይቀው አፈ ታሪካዊ ዕቃ ደግሞ 20,000 ቀን፣ ማለትም ከ54 ዓመት በላይ ይፈጃል። ረጅም ዕድሜ ያለው ኤልፍ ካልሆነ በቀር ማን ይጠብቃል? በ2017 የወጣውን ተጨማሪ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ውሰዱ፦ ያልተለመደ ዕቃ በ2 ሳምንትና በ200 ወርቅ፣ ብርቅ በ10 ሳምንትና በ2,000 ወርቅ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ጥሩ የቤት ደንብ ቢነግሩን።

መልስ፦ ለየትኛው መጽሐፍ? ለምን ዓይነት ዘመቻ (ተከታታይ ታሪክ)? እንዲህ ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ የ2017ቱ ደንብ ከጭራቅ የሚገኝ ልዩ ግብዓት ያስፈልጋል ይላል፤ ግብዓቱ ምን እንደሆነ ግን ለመሪው ይተወዋል። እርስዎ እንዴት ይወስናሉ?

መልስ፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ወርቅ ማንኛውም ቡድን ከአምስተኛ ደረጃ በኋላ የሚተርፈው ነገር ስለሆነ በወርቅ ብቻ የሚገደብ የዕቃ ሥራ ገበያ ከመሄድ አይለይም፤ ዕቃውን የታሪኩ አካል የሚያደርገው ግብዓቱ ነው። ተጫዋቹ የነበልባል ሰይፍ መሥራት ፈለገ እንበል። ሰይፉ ብርቅ ስለሆነ ደንቡ የፈተና ደረጃው (የጭራቁ አስቸጋሪነት መለኪያ) ከ9 እስከ 12 የሆነ ጭራቅ ይጠይቃል፤ የእሳት ግዙፉ 9፣ ኢፍሪቱ (የእሳት ጂኒ) 11 ነው። እኔ ሁለቱንም አቀርብና ምርጫውን ለቡድኑ እተዋለሁ። ግዙፉ ተገድሎ ከምድጃው ፍም የሚወሰድበት ነው፤ ኢፍሪቱ ግን ሳይገደል፣ በውል፣ ትንፋሹን ሊሰጥ ይችላል፤ ውሉ ደግሞ ከሰይፉ በላይ ዕድሜ ያለው ጣጣ ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ አሥሩን ሳምንት በአንድ ጊዜ አላስቆጥርም፤ በጉዞዎች መካከል ባለው ዕረፍት ሁለት ሦስት ሳምንት እየተቆጠረ ይጠራቀማል እንጂ አራት ሰው ተቀምጦ አንዱን አይጠብቅም። መጨረሻ ላይ የአርካና፣ ማለትም የአስማት ዕውቀት፣ ፈተና በዳይስ አስጥላለሁ። ቢወድቅም ግብዓቱ አይባክንም፤ ሰይፉ ይሠራል፣ ነገር ግን አመል ይኖረዋል። አሁን በምመራው ዘመቻ ያለው ሰይፍ ባለቤቱ በዋሸ ቁጥር ሳይታዘዝ ይነድዳል፤ ተጫዋቹም በግብር ሰብሳቢዎች ፊት ሰገባውን በሁለት እጁ ጨብጦ ነው የሚቆመው።

አንድ አባል፦ በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ሠሪውን የልምድ ነጥብ ያስከፍለው ነበር። ከዚያ የተሻለ ልጓም አልተገኘም።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። አስማተኛው ለጦረኛው ሰይፍ ሠርቶ እርሱ በደረጃ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጦረኛው ግን ምንም አይከፍልም። ከሦስተኛው እትም የተወለደው ፓዝፋይንደር የተባለ ጨዋታም በ2009 ሲወጣ ይህን ክፍያ አስቀርቶታል።

አንድ አባል፦ አስቀርቶትም በየጠረጴዛው ፋብሪካ ተከፈተ።

ሌላ አባል፦ ፋብሪካውን የከፈተው መሪው ነው፣ ደንቡ አይደለም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ስለ ሦስተኛው እትም የምትሉትን ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ጥያቄ፦ ሁሉም ተጫዋች +1 ጋሻ ቢሠራ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። +1 ጋሻ ያልተለመደ ከሚባለው መደብ ስለሆነ በ2 ሳምንት ያልቃል፤ ከባለቤቱ ጋር መተሳሰርም (አስማቱ እንዲሠራ ዕቃውን ከራስ ጋር ማያያዝ) ስለማያስፈልገው አንድ ሰው ከሦስት ዕቃ በላይ አይተሳሰርም የሚለው ገደብ አያግደውም። መከላከያን በቋሚነት የሚጨምር ዕቃ በእኔ ጠረጴዛ አይሠራም፤ ይገኛል እንጂ። ይህንንም ዘመቻው ሳይጀመር በጽሑፍ አሳውቁ። ጋሻው ከተሠራ በኋላ መከልከል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጥያቄ፦ የፈውስ መድኃኒት እየሠራን ብንሸጥስ?

መልስ፦ በ25 ወርቅና በአንድ ቀን ተሠርቶ በ50 ይሸጣል። ስለዚህ አልፈቅድም።

ጥያቄ፦ ዋጋውን በግማሽ ብቀንስ ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። የመጽሐፉን ዓመትም አልጠቀሱም።

ጥያቄ፦ አርቲፊሰር (አስማታዊ ዕቃ ሠሪ የሆነ የገጸ ባሕርይ ዓይነት) አለን። በ2019ኙ ደንብ ከአሥረኛ ደረጃ ጀምሮ ተራና ያልተለመዱ ዕቃዎችን በሩብ ጊዜና በግማሽ ዋጋ ይሠራል። የእርስዎ የግብዓት ደንብ ይህን ችሎታ አያከሽፍበትም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቅናሹ ይከበርለታል፤ ያልተለመደው ዕቃ በግማሽ ሳምንትና በ100 ወርቅ ይለቅለት። ግብዓቱ ግን አይቀነስም፤ ምክንያቱም ችሎታው ጊዜንና ወርቅን እንጂ ሌላ አልጠቀሰም። ለተራ ዕቃ ብቻ ግብዓቱን እተውለታለሁ። ይህንንም ቢሆን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።

ጥያቄ፦ በ2017ቱ እየተጫወትን ወደ 2024ቱ ብንሻገር የተጀመሩት ዕቃዎች እንዴት ይሆናሉ?

መልስ፦ ዓመቱን ስለጠቀሱ አመሰግናለሁ። የ2017ቱ የሥራ ሳምንት አምስት ቀን በመሆኑ የብርቁ ዕቃ 10 ሳምንት ከ2024ቱ 50 ቀን ጋር እኩል ነው፤ ወርቁም ያው 2,000 ነው። የተቆጠረው ቀን እንዳለ ይተላለፍ፤ ግብዓቱም ከተገኘ በኋላ ድጋሚ አይጠየቅም።