መልስ፦ መንዝ ላይ ከቅድመ አያት በላይ ስም ሲጠፋ

"ከአያቴ አባት በላይ የሚያውቅ አጣሁ፣ መንዝ ሄጄ ማንን ልጠይቅ?" ላልከው፣ የርስት ሙግት የሚያስታውስ ሽማግሌ ፈልግ። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠየቀው በእናትም በአባትም እስከ አቅኚው አባት (መሬቱን መጀመሪያ እስከ ያዘው) ድረስ ትውልድ ተቆጥሮ ስለነበር፣ ዘር መቁጠር የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

"የቅድመ አያቴ አባት ማን ነው?" አትበል። "አያቶቼ የእነማንን ርስት ይካፈሉ ነበር?" በል፣ ስሙ ራሱ ይመጣል። የእናትህንም ወገን አትዝለል። የተቀበሩበትን ደብርና የክርስትና ስማቸውንም ጠይቅ፤ ለፍትሐትና ለተዝካር የሚጠራው እሱ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ "ወንድሙ ነው" ያሉኝን እንዳለ ጽፌ ሁለት ዓመት በተሳሳተ መስመር ሄድኩ፣ ለካ የአጎት ልጅ ኖሯል። "ወንድም" ሲሉህ "በእናት ነው በአባት?" ብለህ እዚያው አጥራ።