ለስልኩ የቱን፣ ለክፍሉ የቱን?

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች የጀርመንኛ ኮርስ ልትከፍቱ ለምታስቡ ወጣት መምህራን፤

ብሌንድድ የምትሉት፣ ግማሹን በክፍል ግማሹን በስልክ ማስተማር፣ ለከተማ ዳር ተማሪ ይስማማል። ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ማታ ቤቱ የሚደርስን ሰው በሳምንት አምስት ቀን ና ቢሉት አይመጣም። ሁለት ቀን ክፍል፣ የቀረው በቴሌግራም ይሁን። አከፋፈሉን ግን አብዛኞቻችሁ ትገለብጡታላችሁ፤ ሰዋስውን ሰሌዳ ላይ ስትዘረዝሩ ትውሉና ንግግሩን "ቤታችሁ ተለማመዱ" ትላላችሁ። ጀማሪ ቤቱ ከማን ጋር ይለማመድ?

የግስ ርባታና የቃላት ዝርዝር ለስልኩ ይሰጥ። ሰው ብቻውን ሲደጋግመው የማያፍርበት ነገር ነው። ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ ከሸመደድነው ብዙው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ የማክሰኞውን ቃል ረቡዕ ጠዋት፣ ከዚያ ዓርብ፣ ከዚያ በሳምንቱ መልሳችሁ ላኩ። ቪዲዮ አታብዙ፣ ፓኬጅ ይጨርሳል፤ አጭር ድምፅ ግን ኔትወርክ ሲደክምም ይወርዳል።

አፍና ጆሮ የክፍል ድርሻ ናቸው። የጀማሪን ደብተር ገልጣችሁ እዩ፤ ከጀርመንኛው ሥር አነባበቡን በፊደላችን ጽፎታል። የቁጥሩ "አራት"ም፣ መስተዋድዱ "ለ"ም፣ ሁለቱም "ፊር" ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ሁለተኛውን ለማለት ምላስን "ኢ" ላይ እንዳለ ትቶ ከንፈርን ማሞጥሞጥ ነው። ፊት ለፊት ቆማችሁ ከንፈራችሁን ካላሳያችሁት ስህተቱን ቤቱ ወስዶ በደንብ ያጠናዋል።

ሰዓትም እንደዚሁ ያስቸግራል። "ሃልብ ድራይ" (ቃል በቃል "ግማሽ ሦስት") ሲባል ተማሪያችን ሦስት ተኩል ይላል፤ በነሱ ሁለት ተኩል ነው፣ በኛ ደግሞ ስምንት ተኩል። የግድግዳ ሰዓት ይዛችሁ ግቡና ዘንጉን እያዞራችሁ ጠይቁ። ይሳቁ፣ ምንም አይደል። የኤ1፣ ማለትም የመጀመሪያው ደረጃ፣ የቃል ፈተናም ራስን ማስተዋወቅ፣ መጠየቅና መመለስ ነው፤ ደብተር ይዞ የሚገባ የለም።

ክፍያ ስትተምኑ ደግሞ የተማሪዎችን የድምፅ የቤት ሥራ አዳምጦ ማረሚያውን ጊዜ አስቡበት። ሃያ ሰው አንድ አንድ ደቂቃ ቢልክ፣ ሰምቶና አርሞ መመለሱ ምሽታችሁን ይበላዋል። አዲስ መምህር የሚዝለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪውም መልስ ሲያጣ መላኩን ይተዋል። ስለዚህ ገንዘቡ ቢያጓጓም ከሃያ በላይ አትመዝግቡ።