«ሰው ሲያየኝ እጄ ይታሰራል» ላለችን እህታችን

ውድ እህታችን፣ ባለፈው ዓመት በሶፍትዌር ምህንድስና ተመርቀሽ ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሆነሽ ሥራ እያፈላለግሽ ነው። ከሁለት የውጭ ኩባንያዎች ጋር በኦንላይን ቃለ መጠይቅ አድርገሽ፣ በሁለቱም ኮድ በሚያስጽፈው ዙር ላይ ወድቀሻል። ለብቻሽ የምትፈቺው ጥያቄ ሰው እያየሽ ሲሆን እጅሽ ይታሰራል። «ሌላ 300 ጥያቄ ልለማመድ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽናል።

አይ፣ እሱ አይደለም መድኃኒቱ። 300ውን በዝምታ ከፈታሽ በዚያው ዝምታ ነው ተመልሰሽ የምትገቢው። ጠያቂው መልሱን ያውቀዋል፤ የሚመዝነው አስተሳሰብሽን ነው፣ እሱ ደግሞ ካልተናገርሽው አይታየውም።

አንድ የተለመደ ጥያቄ እንውሰድ። የቁጥሮች ዝርዝር ተሰጥቶሽ ድምራቸው 6 የሚሆን ሁለት ቁጥሮች ፈልጊ ተባልሽ እንበል። ኪቦርዱን ሳትነኪ ጠይቂ፦ ኔጌቲቭ ቁጥር ይኖራል? የሚደገምስ? ከሌለ ምን ልመልስ? ቀጥለሽ ቀላሉን መንገድ ተናገሪ፦ እያንዳንዱን ከሌላው ጋር በሁለት ሉፕ (በሚደጋገም የኮድ ዙር) ማጣመር ይቻላል፣ ዝርዝሩ 100,000 ቁጥር ካለው ግን 5 ቢሊዮን ያህል ጥንድ ይሆናል። ከዚያ የተሻለውን፦ ያለፍሽባቸውን ቁጥሮች ሃሽ ማፕ (የፈለግሽውን ወዲያው የምታገኚበት ማስቀመጫ) ውስጥ እየያዝሽ፣ አዲስ ቁጥር በመጣ ቁጥር ማሟያው፣ ማለትም ከእሱ ጋር ተደምሮ 6 የሚሆነው ቁጥር፣ አለ ወይ ብሎ ማየት። አንድ ዙር ይበቃል፤ ዋጋው ተጨማሪ ሜሞሪ ነው፣ እሱንም ሳትጠየቂ ንገሪው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ቁጥሩን አስቀድሞ ማፑ ውስጥ ያስገባና ከዚያ ማሟያውን ይፈልጋል። ዝርዝሩ 3፣ 5፣ 8 ከሆነ 3 ራሱኑ አግኝቶ «3 እና 3» ይልሻል። መጀመሪያ ፈልጊ፣ ከዚያ አስገቢ። ጨረስኩ ከማለትሽ በፊትም ይህችኑ ዝርዝር መስመር በመስመር በቃልሽ አስኪጃት። መሐል ላይ ከጠፋብሽ «ይህን ሞከርኩ፣ እዚህ ጋ ያዘኝ» በይ፤ የት እንደያዘሽ ካላወቀ ፍንጭ ሊሰጥሽ አይችልም።

ልምምድሽ በቀን ሁለት ጥያቄ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ 35 ደቂቃ፣ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ፣ ስልክሽ እየቀዳ። ቀረጻውን መስማት ያስጨንቃል፣ ቢሆንም ስሚው፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ዝም ያልሽበትን ቦታ እየለየሽ ማስታወሻ ያዢ። በሳምንት ሁለቴ ደግሞ አንድ ሰው አጠገብሽ ይቀመጥ። ኮድ ባያውቅም ግድ የለም፣ መልመድ ያለብሽ የሰው ዓይን ነው።

ስለ ፕሮጀክትሽ ሲጠይቁሽ «ሠራን፣ አደረግን» አትበይ። እኛ ዘንድ «እኔ፣ እኔ» ማለት ነውር ስለሆነ ምላሳችን ወደዚያ ይሄዳል፤ ጠያቂው ግን የአንቺን ድርሻ ያጣዋል። «አራት ነበርን፤ ዳታቤዙን የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት እውነት እስከሆነ ድረስ ጉራ አይደለም።

የቀጠሮ ሰዓትሽን ደግመሽ አስዪ። 14:00 ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ካሉሽ፣ እኛ 3 ሰዓት ስለምንቀድም 17:00 ይሆናል፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት። አሜሪካና አውሮፓ በመጋቢትና በጥቅምት ገደማ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ በነዚያ ሳምንታት ያለፈውን ቀጠሮ አይተሽ አትገምቺ።

መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፕሽ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፤ የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም ሁለቱም ይኑሩሽ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 2 ጊጋ ዳታ ተሞልቶባቸው። ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር በኬብል አገናኚው፣ ከሆትስፖት ይልቅ አይቆራረጥም። ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀደም ብለሽ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት ሁለቱንም ሞክሪ፤ የጠዋቱ ኔትወርክ የምሽቱን አይነግርሽም። የቀጣሪዎቹ ኢሜይልም ስልክሽ ላይ ይኑር፦ ከተቋረጠ ወዲያው «መብራት ጠፍቶ ነው፣ በስልክ ዳታ ተመልሼ እየገባሁ ነው» ብለሽ ጻፊላቸው።